ፋብሪካው መጣ

«እዚህ ጋ ይበቃል አባ! እዚሁ አውርደኝ!»

ኢሽራቅ የአባቷን ትከሻ ከኋላ መታ መታ አደረገች። ሞተር ሳይክሉ እየተንገጫገጨ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። ሲከተላቸው የመጣው ሰማያዊ ጭስ ግን መቆም የሚባል ነገር አያውቅምና አልፏቸው ሄዶ ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ዋጠው። አንዲት ትልቅ ሴትዮ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ኢሽራቅን ከእግር እስከ ራሷ ገረመሟት። እሷም ሄልሜቷን ለማውለቅ አልቸኮለችም። ፊት ለመደበቅ እንደ ሄልሜት ያለ ነገር የለም።

«እስከ በሩ ባደርስሽ ምናለበት?» አላት አባቷ ሙሀመድሁሴን እንደ ሁልጊዜው።

«ጠዋት ጠዋት በእግሬ ስሄድ ጭንቅላቴ ይነቃል አባ። ስፖርት ነው።»

«ጎበዝ!» አለና ማርሽ አስገብቶ ሄደ።

ሙሀመድሁሴን ይህን የስፖርት ነገር ከልቡ አምኗል። ማመን ብቻ አይደለም፣ በየደረሰበት «የኔ ልጅ እንደ ዘመኑ ልጆች አይደለችም፣ መራመድ ትወዳለች» እያለ ያወራል። ይህን በሰማች ቁጥር ኢሽራቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች። ከዳቦ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አንድ ኩርባና አንድ ረጅም የግንብ አጥር አለ። እውነቱን ለመናገር መራመዱን ሳይሆን የምትወደው ኩርባውን ነው። ከኩርባው ወዲህ የሚሆነው ነገር ከበሩ አይታይም።

ለሞተሩ ጭስ የሚኖሩበት የገላን ኮንዶሚኒየም ልጆች ስም አውጥተውለታል፤ «ፋብሪካው» ይሉታል። በአቃቂ ቃሊቲ ያደገ ልጅ ጭስ ሲያይ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ማታ ማታ ሙሀመድሁሴን ከሥራ ሲመለስ «ፋብሪካው መጣ! ፋብሪካው መጣ!» እያሉ ከብሎክ ብሎክ ይሮጣሉ። ያውም የሚመራቸው ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ነው። መሪው የገዛ ወንድሟ የሰባት ዓመቱ አቡዘር ነው። አባትየው ይስቃል። ኢሽራቅ ግን መጋረጃውን ትዘጋለች።

ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቱ ራቀባትና አባቷ በሞተር ያደርሳት ጀመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጓደኛዋ ፈርዶሳ ታክሲ ውስጥ ሆና አየቻት። ፈርዶሳ ቤተሰቦቿ ሳሪስ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ልጅ ናት፤ ከአምና ጀምሮ ከኢሽራቅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይኗ ምንም አያመልጠውም፣ አፏም እንደዚያው።

«ስሚ ጀለሴ፣ ጠዋት ያ በጭስ የተጠቀለለ ሞተር ላይ ያየሁሽ አንቺ ነሽ አይደል? ሰውዬው ማነው?»

ኢሽራቅ «አባቴ ነው» ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «የሰፈራችን ሰው ነው። ዴሊቨሪ ይሠራል፣ መንገዱ ስለሆነ ያደርሰኛል።»

«ጭሱ ግን ሙድ አለው!» ብላ ፈርዶሳ ሳቀች፤ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመረች። ኢሽራቅ ግን ያን ቀን ምሳዋን በቅጡ አልበላችም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የአባቷን ትከሻ መታ ባደረገች ቁጥር ያቺ «የሰፈራችን ሰው» የምትል ቃል ትዝ ትላታለች።

የዳቦ ቤቱ ሴትዮ በገረመሟት ሳምንት፣ ሐሙስ ማታ እራት ላይ የሙሀመድሁሴን ስልክ ጮኸ። ኢሽራቅ ማን እንደሆነ ከአባቷ ድምፅ አወቀች። የድሮው የመኪና ባለቤት አቶ ወልደገብርኤል ናቸው።

ሙሀመድሁሴን ሞተር ሳይገዛ በፊት የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በኢሽራቅ ልጅነት አባት ማለት ከስልክ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ነበር፤ አንዳንዴ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ ይናገራል። አቡዘር የተወለደ ቀን ገላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት የሞላው ጊዜ ቤት ሲመጣ ደግሞ ልጁ እንግዳ ሰው መስሎት እያለቀሰ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። ሙሀመድሁሴን በነጋታው ለባለቤቱ ለጀዋሂር «በቃኝ» አላት። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሩን የገዛው። ከሳሪስ ሱቆች ዕቃ እያነሳ ለየደንበኛው ያደርሳል፣ ማታ ማታም ልጆቹ መሀል ቁጭ ብሎ እራቱን ይበላል።

ስልኩን ሲዘጋ ፊቱን ወደ ጀዋሂር አዞረ።

«መኪናዋ ሾፌር አጥታለች፣ ሰኞ ና ይላሉ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«እንጃ። ሞተሩ ከቤንዚን ይልቅ ዘይት መጠጣት ጀምሯል። ዳገት ላይ ይለግማል። ደንበኞቹም ያደረስክልን ልብስ ጭስ ጭስ ሸተተ እያሉ ነው። እስከ እሁድ ከዳነ ዳነ፤ ካልዳነ ሰኞ መኪናዋ ላይ ልውጣ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?»

«ጅቡቲ ሄደህ ማታ ትመለሳለህ?» ብሎ አቡዘር ጠየቀ።

ጀዋሂር ሳህኑ ላይ ምግብ ጨመረችለት።

ኢሽራቅ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ይህ ሞተር በሞተና በተገላገልኩ ብላ ስንት ጊዜ ተመኝታለች! ሞተሩ ሲሞት አባቷም አብሮ እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሀመድሁሴን ሞተሩን ብሎኩ ሥር አቁሞ ዙሪያውን ሲዞረው ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዘይቱ ቀጥኗል አለ። ሌላው ቤንዚኑ ተበርዟል አለ። ሦስተኛው ዓይን ነው ብሎ ፈረደ። ይሄኔ የምድር ቤቱ በር ተበርግዶ እትዬ አቻምየለሽ ወጡ። እትዬ አቻምየለሽ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶ መካኒክ ያስተምራሉ። ቱታቸውን ከለበሱ በኋላ የቆሙበት ቦታ ሁሉ ክፍል፣ ያገኙት ሰው ሁሉ ተማሪ ነው።

«ሁላችሁም ዞር በሉ! እኔ እያለሁ እናንተ ትመረምራላችሁ? አንቺ ኢሽራቅ፣ ነይ እስቲ። መርገጫውን በእጅሽ ወደ ታች ግፊው።»

ኢሽራቅ ማስነሻ መርገጫውን ገፋችው። ያለ ምንም ትግል ሸርተት ብሎ ወረደ።

«ምን ተሰማሽ?»

«ምንም።»

«አዎ! ችግሩ እሱ ነው፤ ምንም።» እትዬ አቻምየለሽ ካንዴላውን ፈቱት። የእሳት ብልጭታ የምትወጣበት ጫፉ በዘይት ረጥቦ ጠቁሯል። «አሁን አንድ ማንኪያ ዘይት ስጡኝ። የሞተር ዘይት።»

አቡዘር ከቤት ማንኪያ ይዞ ሮጠ። ጀዋሂር ከአራተኛ ፎቅ «የኔን ማንኪያ ነው?» ብላ ጮኸች፤ ማንም እንዳልሰማ ሆነ። እትዬ አቻምየለሽ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይቱን አፈሰሱና ካንዴላውን መልሰው አሰሩት።

«በይ አሁን ግፊው።»

ኢሽራቅ ገፋችው። መርገጫው መለሳት። እንደገና ስትገፋው ከውስጥ የሆነ ነገር አልወርድም ብሎ እጇን ወደ ላይ አነሳው።

«እንዴ! ጠነከረ!»

«ለምን?»

ኢሽራቅ አሰበች። ጎረቤቱ ሁሉ እያያት ስለሆነ ጆሮዋ ጋለ። «ዘይቱ... የሆነ ክፍተት ደፈነ?»

እትዬ አቻምየለሽ አጨበጨቡ። «ሰማችሁ? ይቺን ልጅ ስሟት! ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። በሁለቱ መሀል ክፍተት አለ፤ ያን ክፍተት የሚዘጉት ፒስተኑ ወገብ ላይ ያሉት ቀለበቶች ናቸው፣ ሪንጎቹ። የላይኞቹ እሳቱን ወደ ታች አያሳልፉም። የታችኛው ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ይጠርጋል። ሪንጎቹ ሲያልቁ ጉልበቱ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ይቃጠላል። ያው ፋብሪካ ነዋ!»

«እኔ ግን ገና ይቆያሉ ብዬ ነበር» አለ ሙሀመድሁሴን ግራ ገብቶት። «ይሄን ያህል አልነዳሁትም እኮ።»

«እሱን ነገ ሆዱን ስንከፍተው እናያለን። አሁን ሳሪስ ሂድና ሪንግ ይዘህ ና። የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውንም ጨምርበት፣ አሮጌው ሳይደፈን አይቀርም።»

እሁድ እትዬ አቻምየለሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሥራው ተጀመረ። ሙሀመድሁሴን «ቢስሚላህ» ብሎ የቱታውን እጅጌ ሰበሰበ። መሬት ላይ ላስቲክ ተዘረጋ። ኢሽራቅ የሚፈቱትን ብሎኖች እየተቀበለች በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በአፈታታቸው ተራ ደረደረቻቸው። ይህን ማንም አላዘዛትም፤ የራሷ ዘዴ ነው። እትዬ አቻምየለሽ ካርቶኑን አይተው «ስንት ተማሪ አስተምሬ ይሄን ያሰበ የለም» አሏትና ልቧ በደስታ ዘለለ። ለካ ይህ ሁሉ ጊዜ ሸሽታው የኖረችው ሞተር ውስጡ እንዲህ የሚያጓጓ ነገር ነበር!

መጀመሪያ ክዳኑ ተነሳ፣ ቴስታታ የሚሉት። ቀጥሎ ሲሊንደሩ ወደ ላይ ተስቦ ወጣ፤ ፒስተኑም አናቱ ከሰል መስሎ ብቅ አለ። እትዬ አቻምየለሽ አንዱን አሮጌ ሪንግ አውልቀው ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ከተቱትና ለኢሽራቅ አሳዩዋት። ሪንግ ሙሉ ክብ አይደለም፣ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው። የአሮጌው ጫፍና ጫፍ ተራርቀው ጥፍሯ በመሀላቸው ገባ። አዲሱን ሲያስገቡት ጫፎቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ሲሊንደሩ ግን ተርፏል» አሉ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳበሱ። «ትንሽ ተጫጭሯል እንጂ አልተጎዳም። እድለኛ ነህ።» ቀጥለው አየር የሚገባበትን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጠረጉት። ጨርቁ ቡናማ ቀይ ሆኖ ወጣ። እትዬ አቻምየለሽ ጨርቁን ለሙሀመድሁሴን ዘረጉለት።

«ይሄ ምንድነው?»

«አፈር ነው።»

«የቱሉ ዲምቱ አፈር ነው! እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ፊልትሮው የታለ?»

ሙሀመድሁሴን አንገቱን አከከ። ያን ሁሉ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ሆነ።

«አምና በጋ አጥቤው ነበር። እንዲደርቅ በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ነፋስ ወሰደው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ያለሱ ሳስነሳው እንዲያውም ጉልበት የጨመረ መሰለኝ። በቃ ይተንፍስ ብዬ ተውኩት።»

«ይተንፍስ?» እትዬ አቻምየለሽ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «አፈር ሲተነፍስ ነዋ የከረመው! አፈርና ዘይት ሲቀላቀል እኮ ሞረድ ነው የሚሆነው! ሪንጎቹን ቀን ከሌት ስትሞርዳቸው ነው የኖርከው!»

ሙሀመድሁሴን መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ሳቁ መጣበት፣ እትዬ አቻምየለሽም ሳቁ። አዲሱን ፊልትሮ ከፌስታሉ አውጥተው ለኢሽራቅ አቀበሏት። ግራጫ ለስላሳ ስፖንጅ ነው፣ ማዕዘኖቹ ክብ ክብ የሆኑ።

ኢሽራቅ ስፖንጁን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ይህን ስፖንጅ ታውቀዋለች። አምና በጋ በረንዳ ላይ ወድቆ አግኝታዋለች። ምን ያለ ምርጥ ስፖንጅ ነው ብላ በመቀስ ለሁለት ቆርጣዋለች። ግማሹን ነጭ ስኒከሯን ልታጥብበት አስቀረች፣ ግማሹን ለፈርዶሳ ሰጠች። ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር፤ ሳሙና ስታስነካው ጠፋ። ጫማዋም እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም፤ ክፍሉ ሁሉ ምን ተጠቅማ ነው ብሎ ጠይቋታል።

«ውሃ ላምጣ» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

አልጋዋ ሥር ያለውን የጫማ ካርቶን ሳበችው። ስፖንጁ ተቀምጧል፤ በአንድ በኩል ክብ ማዕዘን፣ በሌላ በኩል የራሷ መቀስ የቆረጠው ጠርዝ። አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ያን ሁሉ ወር ያሳፈራት ጭስ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ በእግሯ ያስኬዳት ጭስ፣ አባቷን የሰፈር ሰው ያስባላት ጭስ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት። ከዚህችው ከጫማዋ ካርቶን ነው የመጣው።

ማንም አላያትም። አባቷ ነፋስ ነው ብሎ ካመነ ከርሟል፤ ነፋስ ደግሞ አልወሰድኩም ብሎ አይከራከርም። ስፖንጁን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችና ውሃውን ይዛ ወረደች።

ስትደርስ እትዬ አቻምየለሽ አዲሶቹን ሪንጎች ዘይት እየቀቡ ነበር። «ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሪንጉ ላይ ምልክት አለ፣ ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ደግሞ ሪንጎቹ የተቆረጡበት ቦታ አንድ መስመር ላይ እንዳይገጥም፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ—» ብለው ሳይጨርሱ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ወጤ! ወጤ አረረ!» እየጮኹ ወደ ቤታቸው በረሩ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሙሀመድሁሴን የታችኛውን ሪንግ ቦታው ላይ አስቀመጠና ወፍራም ጣቶቹን አየ።

«የላይኞቹን አንቺ አስገቢያቸው። ቀስ ብለሽ ነው የምትከፍቻቸው፤ ብዙ ከለጠጥሻቸው ቀጭ ይላሉ። ሌላ የለንም።»

ኢሽራቅ ትንፋሿን ይዛ ሪንጉን በሁለት አውራ ጣቶቿ ከፈት አደረገችው። በፒስተኑ አናት ላይ አሳልፋ ቦታው ላይ ስታስቀምጠው ጠብ የምትል ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውም ገባ። ምልክቶቹን አየች፤ ሁለቱም ወደ ላይ ናቸው። ሙሀመድሁሴን ሪንጎቹን በጣቱ አዟዟራቸውና ረክቶ አያቸው።

«አባ፣ የተቆረጡበትን አንድ መስመር ላይ አሰለፍካቸው እኮ።»

«እንዲያምሩ ብዬ ነው።»

«እሳቱ የሚወርድበት ደረጃ ሠራህለት! አንዱን አልፎ በዚያው ሁለተኛውን፣ በዚያው ሦስተኛውን። ወዲህና ወዲያ መዞር አለባቸው።»

ሙሀመድሁሴን ሳቀ። ሪንጎቹን እንዳለችው አራርቆ አዞራቸው። «አንቺ ልጄ ነሽ ወይስ አለቃዬ?» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው ኢሹ። አንድ ስፖንጅ ባለመግዛቴ እናንተን ትቼ ልሄድ ነበር። አይገርምሽም?»

ኢሽራቅ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች።

«ከሽንኩርቱ በቀር ተርፏል!» እያሉ እትዬ አቻምየለሽ የማማሰያቸውን ጭልፋ እንደያዙ መጡ። ኢሽራቅም አፏን ዘጋች።

ኢሽራቅ ሪንጎቹን በጣቶቿ ጫን አድርጋ ስትይዛቸው ሙሀመድሁሴን ሲሊንደሩን ከላይ ዝቅ አደረገ፤ ሲሊንደሩም አንድ በአንድ ዋጣቸው። ቴስታታው ተመለሰ፣ በእንቁላል ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ብሎኖች በመጡበት ተራ ወደ ቦታቸው ሄዱ፤ አንድም አልተረፈም። ፊልትሮውን ኢሽራቅ በእጇ ገጠመችው። ይህን ስታደርግ የአባቷን ዓይን አላየችም።

ሞተሩ ሊነሳ ሲል የብሎኩ ልጅ ሁሉ አቡዘርን አስቀድሞ ተሰበሰበ። ሙሀመድሁሴን መርገጫውን ረገጠ። መርገጫው ተቃወመው። እንደገና ረገጠ። በሦስተኛው ሞተሩ ጎርነን ባለ ሙሉ ድምፅ ተነሳ፤ ወዲያው ከኋላው ጭስ ቡልቅ አለ።

«ፋብሪካው መጣ!» ልጆቹ አበዱ።

የሙሀመድሁሴን ፊት ወደቀ። እትዬ አቻምየለሽ ግን ጭልፋቸውን አወዛወዙ።

«ማንም እንዳይደነግጥ! ስንገጥም የቀባነው ዘይት ነው፤ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ውስጥም የከረመ አለ። ጥቂት ቀን ያጨስና እየቀነሰ ይጠፋል። ሪንጎቹ ሲሊንደሩን እስኪለምዱት ብቻ አታስጩኸው። መርገጫውን አላየኸውም? ያ ነው ምስክሩ!»

ሙሀመድሁሴን ሞተሩን አጠፋና መርገጫውን በእጁ ቀስ ብሎ ገፋው። መለሰው። «አልሀምዱሊላህ» አለ። እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣ። «ጋሽ ወልደገብርኤል? ሰኞ አልመጣም። አዎ... አይ፣ ዳነ።»

አቡዘር ገና ስልኩ ሳይዘጋ አባቱ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ጀዋሂር ከላይ ሆና እልል አለች። ኢሽራቅም ዘለለች፣ ሳቀች፣ በዘይት እጇ እትዬ አቻምየለሽን አቀፈቻቸው። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ከሥሩ ግን አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስትወጣ የጫማውን ካርቶን ከፈተች። ግማሿን ስፖንጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምን እንደምታደርግበት ገና አላወቀችም።

ሞተሩ ሌላ ሞተር ሆኗል። ዳገቱን ሳይለግም ወጣው። ከኋላቸው ግን ቀጭን ሰማያዊ ጭስ አሁንም ይከተላቸዋል። ሙሀመድሁሴን የእትዬ አቻምየለሽን ትእዛዝ አክብሮ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ያንጎራጉራልም። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሳትነግረው ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰልፉ ያው ነው፤ ሴትዮዋም ከሩቅ አይተዋቸው ነጠላቸውን አዘጋጅተዋል።

ኢሽራቅ እጇን አነሳች። የአባቷን ትከሻ አየች። ገላፊ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ትከሻ ነው፤ ዛሬ ማታ ቤት ይገባል።

«ቀጥል አባ።»

«ስፖርቱስ?»

«ዛሬ ዕረፍት ነው። እስከ በሩ አድርሰኝ።»

ኩርባውን ዞሩ። ረጅሙ አጥር አለቀ። በሩ ላይ ተማሪው ግጥም ብሎ ቆሟል፤ ፈርዶሳ ደግሞ ሁሉንም ቀድማ አየቻቸው። ሞተሩ ሲቆም ጭሱ እንደ ልማዱ አልፏቸው ሄዶ እሷንም ጎበኛት። በእጇ እያራገበች ቀረበች።

«ኢሹ! ይሄ ያ የሰፈ—»

«አባቴ ነው» አለች ኢሽራቅ። ሄልሜቷን አወለቀች። «ያኔ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። አባቴ ነው።»

ፈርዶሳ አንዴ ኢሽራቅን አየች፣ አንዴ ሙሀመድሁሴንን። «አውቄ ነበር እኮ» አለች። «አፍንጫችሁ አንድ ነው። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነው።»

ሙሀመድሁሴን ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ስለ ዳቦ ቤቱና ስለ ስፖርቱ የሆነ ነገር እየገባው ሳይሆን አልቀረም፤ ፈገግታው ለአፍታ ቆም አለ። ኢሽራቅ ይህን አይታ ቦርሳዋን ከፈተች። ግማሿን ስፖንጅ አወጣችና በእጁ አስቀመጠችለት።

«አባ፣ ነፋስ አይደለም የወሰደው። እኔ ነኝ። ይሄ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ እሷ ጋ አለ።»

ሙሀመድሁሴን ስፖንጁን አገላብጦ አየ። በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ አየ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ ታች ወርዶ ስኒከሯ ላይ አረፈ። እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋ። ጭሱም ቆመ።

«እኔም እላለሁ» አለ፣ ከንፈሩ ሳቅ እየታገለው። «ይሄ ጫማ እንዴት እንዲህ ነጣ?»